አምስተኛው ገጽ የት ሄደ

«ይህ መመሪያ በድርጅታችን ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ከዚህ ገጽ በነጻ ማውረድ ይችላሉ። ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስጠይቃል።»

አስካለዬ፣ ቃል በቃል የገለበጥኩት ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ከተለየሽኝ አሥር ወር ከስድስት ቀን ሆነ። እስከ ዛሬ ልጽፍልሽ እየተነሣሁ መልሼ እተወው ነበር። ዛሬ ያስጻፈኝ ንዴት ነው።

«ባለሙያዎች» የተባልሽው አንቺ ነሽ። እዚህ መካነ ሰላም፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤትሽ፣ እግርሽን በጋቢ ጠቅልለሽ ሁለት ክረምት የደከምሽበት «ወደ ዓረብ አገር ከመሄድሽ በፊት» የሚለው መመሪያሽ ነው የእነሱ ሥራ የሆነው። የወሰደው አዲስ አበባ ያለ የጉዞ ወኪል ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

ሱቅሽን ከትምህርት ቤት ስወጣ እከፍተዋለሁ። ትልቁ ማተሚያ ከሐምሌ ጀምሮ ቆሟል። ወንበርሽ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ሲመጣ እኔው ቆሜ እጽፍለታለሁ።

ከወግዲ፣ ከማሻ፣ ከደጎሎ ለአንዲት ወረቀት ብለው ተሳፍረው የሚመጡትን ልጆች እያየሽ «ለምን ከስልካቸው አያወርዱትም?» ያልሽው አንቺ ነሽ። የድሮ ተማሪዬ ለሱቅሽ ድረ ገጽ ሠራልሽ። የማመልከቻና የኪራይ ውል ናሙናም አስቀመጥሽበት፤ ልብሽ ግን መመሪያው ላይ ነበር። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ስሄድበት «አራት ነጥብ ደግሞ መጣ» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ስምሽ በየገጹ ግርጌ ይግባ ብዬ ብሟገትሽ «የኔን ስም ተወውና እነሱ የሚጽፉበትን መስመር አስፋልኝ» አልሽ።

መስመሩ አምስተኛው ገጽ ላይ ነው። የልጅቷ ስም፣ የፓስፖርቷ ቁጥር፣ የወሰዳት ሰው ማንነት፣ የአሠሪዋ ስም፣ ከተማውና ሰፈሩ። ከላይ «ይህን ገጽ ሞልተሽ ለእናትሽ ትተሽ ሂጂ» ይላል። ለምን እንደዚያ እንደተጨነቅሽበት አውቃለሁ። በልጅነትሽ ጂዳ ሦስት ዓመት ስትኖሪ እናትሽ ያለሽበትን ከተማ እንኳ አያውቁም ነበር። ስትመለሺ ለቅሶሽ ተለቅሶ አብቅቶ ነበር የደረስሽው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ሱቁ መጡ። አንቺ አላየሽም እንጂ ልጃቸው ሰዓዳ መስቀል ሰሞን ሄዳለች። መጀመሪያ በሰው ስልክ ትደውል ነበር፤ ከረመዳን ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል። ሰዓዳ ትታላቸው የሄደችውን፣ በፌስታል ጠቅልለው ከሳጥናቸው ሥር ያኖሩትን መመሪያ አወጡና፣ ያለችበት እዚህ ላይ ተጽፏል፣ እስቲ አንብብልኝ ወንድምዓለም፣ አሉኝ። የመጨረሻው ገጽ ለእናት ነው ብላ የነገረችን አስካለ ናት፣ አሉ።

ገለጥኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከአራተኛው በኋላ ያ ከላይ የገለበጥኩልሽ ጽሑፍና የድርጅቱ ማኅተም ብቻ ነበር። ሰዓዳ ከእነሱ ድረ ገጽ ነው ያወረደችው፤ እነሱ ደግሞ አምስተኛውን ገጽ ቆርጠው ጥለውታል። ለምን እንደጣሉት ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። የወሰዳት ሰው ማንነት የሚጻፍበት ገጽ ነዋ።

እትዬ ዘሀራ ማንበብ አይችሉም። ሰባት ወር የልጄ አድራሻ ነው ብለው የጠበቁት የወኪሉን ማስታወቂያ ነበር። ነገርኳቸው። ያረቢ፣ አንተ እኮ አስተማሪ ነህ፣ ደህና አድርገህ እየው፣ አሉኝ። ደግሜ አየሁት። የሌለውን ገጽ፣ እሳቸው ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ለሦስተኛ ጊዜም ፈለግኩት።

አሁን የሚከፋሽን ልንገርሽ። እናቷ እንደነገሩኝ፣ ሰዓዳ መጀመሪያ የእኛን ፈልጋ አጥታዋለች። አርባሽ እንደወጣ ድረ ገጹን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሲከፈት ፎቶሽ ነበር የሚመጣው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። የሰው ጥፋት ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሳነሣ የኖርኩ ሰው፣ የእኔ ጥፋት ይህን ያህል ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ መልሼ ከፈትኩት። አምስቱም ገጽ አለ፣ አንቺም አለሽ። እትዬ ዘሀራን አስቀምጬ አምስተኛውን ገጽ አብረን ልንሞላ ሞከርን። ስሟን ጻፍን። የፓስፖርቷን ቁጥር አያውቁትም። የወሰዳት ሰው ቀይ፣ ረጅም እንደነበር ያስታውሳሉ። ከተማው ሪያድ ነው ብለው አስጻፉኝና ትንሽ ቆይተው እሱንም ተጠራጠሩ። ያሰፋሁልሽ መስመር ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያን ቀን አየሁ።

ይህን ደብዳቤ ከመመሪያሽ ሥር፣ የፈለገ ሁሉ እንዲያወርደው አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። አንዱን ቅጂ ለወኪሉ ልኬያለሁ። ስምሽን መልሱ አላልኳቸውም፤ አንቺም አልፈለግሽው። አምስተኛውን ገጽ ወደ ቦታው ይመልሱ። ሰዓዳን የላኳት እነሱ ከሆኑም የትና ለማን እንዳደረሷት ይጻፉ። ካልሆኑም አይደለንም ብለው ይጻፉ። በስልክ የሚነገረኝን አልቀበልም፤ ፊርማና ማኅተም ያለው ወረቀት እፈልጋለሁ።

እኔ ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት ድረ ገጹን እከፍታለሁ። ፊትሽን አያለሁ፣ ከዚያ አምስቱን ገጾች እቆጥራለሁ። በሕይወት እስካለሁ ይህን አልተውም፣ አስካለዬ።

ሙት ዓመትሽ ሰኔ 12 ነው። መልሱ እስከ ሰኔ 11 በጽሑፍ ይድረሰን። የሚጻፈው ለእትዬ ዘሀራ ነው፤ እኔ አነብላቸዋለሁ።