በራጅ ክፍሉ ደፍ ላይ የተፈተንኩ ዕለት

ሐሙስ፣ ኅዳር 6 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከሚሴ

አልሐምዱሊላህ፣ አለፍኩ! ዲፕሎማ ብቻ ነው ያላት እየተባለ የራጅ ክፍሉ ኃላፊነት ሁለቴ አልፎኛል። ከእንግዲህ ምን እንደሚሉ አያለሁ።

በኢንተርኔት የተማርኩት ዲግሪ የመጨረሻ የቃል ፈተና ዛሬ ነበር። ጸጥታ ፍለጋ ራጅ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ምን ነክቶኝ ነው! ጨረር እንዳይወጣ በእርሳስ የተለበጠ ክፍል ኔትወርክ ያስገባል? ፈታኞቹ ስክሪኑ ላይ ደርቀው ቀሩ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወንበሬን ደፉ ላይ ጎተትኩ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኝ ጀመር። አንዷ እናት የሚያለቅስ ልጇን “እሽሽ፣ እየተፈተነች ነው” ስትል ሰማሁ። እልህ ያዘኝና ድምፄን ከፍ አድርጌ አንድ በአንድ መለስኩ።

ጥያቄው ሲያልቅ ፈታኞቹ ሊመካከሩ ድምፃቸውን ዘጉ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ “አልፈሻል፣ እንኳን ደስ አለሽ” አለች። እኔ እንደ ደረቅሁ ቀረሁ።

ጠዋት ደረታቸውን ራጅ ሳነሳ “ትንፋሽዎን ይያዙ፣ አሁንም ይያዙ” እያልኩ ያስጨነቅኳቸው አባ ሙሄ ውጤታቸውን እየጠበቁ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ከዘራቸውን አንስተው “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በቃ! አሁን ተንፍሺ!” አሉኝ።