አንሱት

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ዛሬ ጋሼ ሰይድ የክሱን ማመልከቻ ይዘው መጡ። እድራችን ከሥሩ የሚሰበሰብበትን የሮቃ ዛፍ የቆረጡብንን የመብራት መስመር ዘርጊዎች ልንከስ ነው። ካልረታን ቀጥሎ የሚቆረጠው የየቤታችን ማንጎ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጣታቸውን አትመዋል። የዛፉ ጥላ ስለሌለ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየመታን ቆምን።

“አንተ ፊደል የቆጠርክ ነህ፤ አንደኛ ከሳሽ አንተ ሁን” አሉኝ።

የዘረጉልኝን እስክሪብቶ ተቀበልኩ። ባለፈው ወር ከመስመር ዘርጊዎቹ አንዱ ስልኩን ወደ ዛፉ ደግኖ፣ “ልናነሳው ስለሆነ እንደ እድሩ ጸሐፊ ይፈርሙልን” ሲለኝ ፎቶ መስሎኝ ነበር።

“አንሱት፣ ምን ቸገረኝ!” ብዬ ወረቀቱን ሳላነብ ፈረምኩ። ለሰፈሩም “ፎቶ ነው፣ አትስጉ” ያልኩት እኔው ነኝ። በሳምንቱ መጋዝ ይዘው መጡ።

ይህን እስካሁን ለማንም አልተነፈስኩም። ፊርማዬ ከዚያኛው ጋር እንዳይመሳሰል ብዬ እስክሪብቶውን መለስኩላቸውና እንደነሱ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ።

ጋሼ ሰይድ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “እኛን ላለማሳነስ ነው፤ አላህ ያክብርህ” ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ስሜ ግን ሁለቱም ወረቀት ላይ ያው ነው።