ሁለተኛው ዓይን

ጥቅምት 12 ቀን 1931

ዝናቡ ቆሟል። ሚስቴ ስንዱ ደጅ ተቀምጣ ባቄላ ስትፈለፍል ዋለች፣ እኔ ሰይጣን ስሥል። ለእንፍራንዝ የታዘዘ ነው፤ ከሚካኤል እግር ሥር የሚረገጠው። አምሮበታል። ስንዱ አሻግራ አየችና፣

«ይኸስ ሸጋ ሆኗል። ዝምድና አላችሁ እንዴ?» አለች።

የመሰለው ወንድሟን ነው። ቀንዱን ጨመርሁለት።

ጥቅምት 15

ቄሰ ገበዝ ሐብተ ማርያም መጡ። ገና ሲቀመጡ በረዥሙ ተነፈሱ። ነገር አለ ማለት ነው።

የደብራችን የእመቤታችን ሥዕል ከዋሻ ወጣች። ጣልያን እንዳይወስዳት ብለን ነበር የደበቅናት። ጣልያን አልወሰዳትም። ምስጥ በላት።

«ለኅዳር ጽዮን አዲስ ትሠራ» አሉ።

«ማን ይሥላት?»

«አንተ።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

እኔ እኮ ፊት አልሥልም… ፈረስ፣ ጦር፣ ሄሮድስ፣ ሰይጣን። የሥዕላችን ሕግ እንዲህ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ኃጥእ በጎኑ ዞሮ ባንድ ዓይኑ። ባለ አንድ ዓይን ሁሉ የኔ ነው። ባለ ሁለት ዓይኑ ሥዕል ያስተማሩኝ የየኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ድርሻ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ አብሮኝ ለተማረው ለአድማሴ ሆነ። አድማሴ አርማጭሆ ወርዷል። አሁን ፊት አይሥልም፣ የጣልያን ፊት ያበላሻል ይባላል። (ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።)

የኔታ ነግረውኛል። «ያንተ እጅ ለሰይጣን ነው የተፈጠረ!» እጄም ሰምቷል።

ጥቅምት 16

አልችልም ልል ሄድሁ። ቄሰ ገበዝ አንድ ወረቀት ዘረጉልኝ። የጣልያኑ አዛዥ፣ ካፒታኖው፣ የሰጣቸው የታተመ ሥዕል ነው። እመቤታችን ናት አሉ። ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኗ ወደ ሰማይ ነው። ለሚለምናት ሰው የምታሳየው ጉሮሮዋን ብቻ ነው።

«አንተ ካልሠራህ ይኸ ይሰቀላል። በበዓሉ መጥቼ አያለሁ ብሏል። ባዶ ግድግዳ ካየ ናቃችሁኝ ይላል።»

እሺ አላልሁም። ለሥዕሏ የተገዛውን አቡጀዲ ግን ተሸክሜ ወጣሁ።

ጥቅምት 24

አቡጀዲውን ወጠርሁ። ሙጫ ቀባሁ። ጀሶ ቀባሁ። አልበቃም ብዬ ደገምሁ። ዛሬ ሠለስሁ።

«ቤት ነው እንዴ የምትመርገው?» አለች ስንዱ።

ኅዳር 2

ልብሷ አለቀ። ዙፋኑም አለቀ። የቀሩት ሁለት ነጭ ክቦች ናቸው፤ ትልቁ የሷ፣ ትንሹ የልጇ።

ብሩሹን ሳነሣ የየኔታ ድምፅ ይመጣል። «ያንተ እጅ…» ብሩሹን አስቀምጠዋለሁ። ሳስቀምጠው ዝም ይላል። ሥራ እስካልጀመርሁ ድረስ ጥሩ ጎረቤት ነው።

ኅዳር 5

እማሆይ ወለተሩፋኤል ዘንድ ሄድሁ። የየኔታ ሚስት ነበሩ፤ የኔታ ሲያርፉ መነኮሱ። የኔታ የፊት ንድፍ ትተው እንደሆን ብዬ ነው።

«ንድፍ? አይጥ በላው» አሉ።

ዘንድሮ ሥዕል የማይበላ ፍጥረት የለም።

ነገሬን ዘረገፍሁት። የኔታ ስለ እጄ ያሉኝን ሁሉ።

«መቼ አለህ?»

«ቀዩን ቀለም የደፋሁ ዕለት።»

«በሁዳዴ?»

አሰብሁ። «በሁዳዴ።»

«እንግዲያ ተርቦ ነዋ! በሁዳዴ ተሲያት ላይ እኔንም ጅብ ይለኝ ነበር። ሽሮው ሲቀርብለት ይረሳዋል። ምነው ልጄ፣ እስከ ዛሬ ይዘኸው ትዞራለህ?»

ስመለስ መንገድ ላይ፣ የኔታ ሌላ ቀንም ብለውኝ እንደሆን ትዝታዬን ፈተሽሁ። የለም። አንድ ጊዜ ነው። የቀረውን ሁሉ… እኔው ነኝ ያልሁት። በሳቸው ድምፅ። ያውም ሳልራብ።

ኅዳር 9

ነገሩን ካወቅሁት ድምፁ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር። አልጠፋም። ዛሬም መጣ።

«ተርበሃል?» አልሁት።

ግንባሯንና አፍንጫዋን ሣልሁ።

ኅዳር 12

ቀኝ ዓይኗን ሣልሁ። ሸጋ ነው።

(ማን ነው ይህን የጻፈው?)

ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ግራው ቢበላሽስ? እጄ ቆመ። እንዲህ ልተዋት ደግሞ አይሆንም፤ ባለ አንድ ዓይን እመቤት… ከነሄሮድስ ጋር ደመርኋት ማለት ነው። በነጠላ ሸፈንኋት።

ኅዳር 14

ቄሰ ገበዝ መጡ።

«ግለጣት።»

«አልደረቀችም አባቴ።»

«ካልደረቀች ነጠላው ላይዋ ምን ይሠራል?»

ራሳቸው ገለጧት። አይተው አይተው፣

«ሁለተኛው የታለ?» አሉ።

«ፈራሁ።»

«ምን?»

«ከመጀመሪያው እንዳያንስ።»

ነጠላውን አጣጥፈው ሰጡኝ። «የካፒታኖዋ ሁለቱም አላት» ብለው ወጡ።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ተሲያት ላይ ግራ ዓይኗን ሣልሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ ድምፅ አጠገቤ ተቀምጦ ሲለፈልፍ ዋለ። ዛሬስ እውነትም ተርቧል፤ እኔም ተርቤያለሁ። እሱ እየተናገረ እኔ እየሣልሁ ጨረስነው።

ግራው ከቀኙ ዝቅ ብሏል። ትንሽ። ልፋቀው? ብሩሹን አጠብሁ።

ኅዳር 16

የሕፃኑ ፊት በአንድ ጠዋት አለቀ። እኔም አልገባኝ።

ኅዳር 22

ትናንት ተሰቀለች። ካፒታኖው መጣ፤ የኔዋ የታለች ብሎ ጠየቀ። ቄሰ ገበዝ፣ «ለክብሯ ብለን ሣጥን ቆልፈንባታል» አሉት። ደስ ብሎት ሄደ።

ከቅዳሴ በኋላ ደብተራ ዳኛው መቋሚያውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ። ምላሱን አገር ያውቀዋል። ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣

«አያ ዋኘው፣ የግራ ዓይኗ አልወረደም?»

«ወርዷል።»

«ምነው?»

«እጄ ተንቀጥቅጦ።»

ጠበቀ። የምጨምረው አልነበረኝም። እሱም የሚጨምረው አጣ። አምና ቢሆን እኔ እስከ ፋሲካ ከቤት አልወጣም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቄሰ ገበዝ ከካህናቱ ጋር አስጠሩኝ። በሰሜን በኩል ላለው ግድግዳ ሥላሴ ያስፈልጋሉ፤ ማን ይሥላቸው እያሉ ይከራከራሉ።

«እኔ» አልሁ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ሦስት ፊት ነው እኮ» አሉ ቄሰ ገበዝ። «ስድስት ዓይን። ሁሉም እኩል።»

«አውቃለሁ።»

ያን ጊዜ ያ ድምፅ አንድ ነገር ሳይል አልቀረም። በደንብ አልሰማሁትም፤ ስለ አቡጀዲው ወርድ እየተነጋገርን ነበር።