ካሴቱን ራሱ የሚገለብጠው ቴፕ

ኦገስት 4 ቀን 1990፣ ቅዳሜ፣ ደቡብ ሎስ አንጀለስ

እስከ ረፋድ የተሸጠ፦ የካልቪን ካሴት ሠላሳ ስምንት። የድሮ ዘፈን አራት። መዝሙር ሁለት። ባዶ ካሴት አንድ ካርቶን... ባዶውን የሚገዙት የካልቪንን ሊቀዱበት ነው። ሌቦች! ግን ባዶውንም የሚገዙት ከእኔ ነው።

ካልቪን የሰፈር ልጅ ነው፣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ። ራፑን የቀዳው ጋራዥ ውስጥ ነው። ሬዲዮ አያጫውተውም። የካሴቱ አንደኛው ፊት ስለ ፖሊስ ነው፤ የእኛን የጥቁሮቹን መኪና አስቁመው አስፋልት ላይ በሆዳችን ስለሚያስተኙን። የመኪናቸውን ቁጥር ሳይቀር ይጠራል። ሁለተኛው ፊት ሱቃቸው ስንገባ ከኋላ ከኋላ ስለሚከተሉን ኮሪያውያን ነው። ከዳር እስከ ዳር ስድብ። ስድብ ደግሞ ይሸጣል።

በገበያ አዳራሹ ውስጥ ካለችው ሱቄ በላይ በሰቀልኩት ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ አጫውተዋለሁ። ቴፑ ካሴቱን ራሱ ይገለብጠዋል፣ እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። ፊት ለፊቴ ካልሲ የሚሸጠው ኮሪያዊው ሚስተር ቤክ ዛሬም መጣ። "ሚስ ዴሳ፣ እባክዎ... ሁለተኛውን ፊት..." "ገበያ ነው፣ ሚስተር ቤክ" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

ኦገስት 8

ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንዱ ነጭ፣ አንዱ የእኛው ሰው።

"አንቺ፣ ይሄን አጥፊው" አለ ነጩ።

"ሚስ ዴሳ ብሩሳርድ ነኝ። የሚከለክል ሕግ አለ?"

"ምክር ነው።"

"ምክር ከሆነ ሰምቻለሁ።"

 የጥቁሩ ከንፈር ግን ከግጥሙ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። አንድም መስመር አልሳተ! ሲሄዱ ድምፁን ጨመርኩት።

ኦገስት 11

ወንድሜን አሎንዞን ሰበሩት።

እዚሁ፣ ከገበያው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ። ካሴት ጭኖልኝ መጣ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ የካልቪንን ዘፈን አስጩኾ። እነዚያው ሁለቱ ፖሊሶች ናቸው። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የፊት ጥርሶቹ የሉም። የተከሰሰው ማን ነው? እሱ! ፖሊስ መታ ተብሎ። ወገቡን የሚያመው የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ሁለት የታጠቁ ሰዎችን መታ!

 

ኦገስት 13

አሎንዞን የምትከራከርለት ጠበቃ ጋ ሄድኩ። "ጥፋተኛ ነኝ ካለ ሁለት ዓመት ይታሰራል። ተከራክሮ ከተረታ አምስት። ያየ ሰው አለ?"

እኔ የደረስኩት ካለቀ በኋላ ነው።

"ዘመድ ያልሆነ ይሁን። ዳኞቹ 'የራሱ ወገን ነው' የማይሉት ቢሆን ደግሞ..."

ምን ዓይነት አገር ነው? ጥቁር ያየው እንዳልታየ!

ከቢሮዋ ስወጣ የገበያው የኋላ በር ትዝ አለኝ። ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ባዶ ካርቶን በዚያ በር የሚያወጣ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኦገስት 14

ሚስተር ቤክን ጠየቅሁት።

"አይተዋል?"

"አይቻለሁ።"

"ይመሰክራሉ?"

የሚያጣጥፈውን ካልሲ አስቀመጠ። "ሱቄ ሲዘረፍ የምጠራው እነሱን ነው። ከመሰከርኩ ማን ይመጣል?" ከዚያ በአገጩ ወደ ድምፅ ማጉያው ጠቆመ። "እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደ አገርህ ሂድ ይለኛል። እሺ ብዬ ብሄድ ማን ይመሰክርልዎታል?"

እንዲህ አለኝ! ወንድሜ ሾርባ በስትሮ እየመጠጠ፣ እሱ ስለ ዘፈን!

"ዘፈን ክንድ አይሰብርም" አልኩት።

በርጩማውን ገፋ አደረገልኝ። "ይምጡና እዚህ ይቀመጡ።"

አልተቀመጥኩም።

ኦገስት 15

አሁንም ተናድጃለሁ። በሁሉም።

ኦገስት 16

ተቀመጥኩ።

ድምፅ ማጉያው ለእኔ ጀርባውን ነው የሚሰጠኝ። ሱቄ ውስጥ የሚሰማኝ ጉምጉምታው ነው። የሚስተር ቤክ በርጩማ ላይ ግን... ቃል በቃል። ስለ ዓይኑ፣ ስለ እናቱ፣ ሱቁን ስለማቃጠል። ሰዉ ካሴት እየመረጠ ወደዚህ እያየ ይስቃል። አንዱ ጎረምሳ የካልሲውን እሽግ በእግሩ ገፍቶ "ሰማህ፣ ጃፓን?" አለው። ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቅም!

ሚስተር ቤክ እሽጉን አንስቶ አቧራውን አራገፈ። እኔን አላየኝም።

ቴፑ ስንቴ ገልብጦት ይሆን?

ኦገስት 17

ካልቪንን አስጠራሁት።

"ሁለተኛውን ፊት ከዛሬ ጀምሮ አላጫውትም።"

"ፖሊስ አጥፊው ሲልሽ እምቢ ብለሽ፣ አሁን አንቺው አፌን ልትዘጊው ነው፣ አክስቴ?"

"በዘፈንህ የምትለው፣ እናትህን ሱቅ ውስጥ የተከተላት ማን ነው?"

"ጥግ ላይ መጠጥ የሚሸጠው ሰውዬ።"

"ቤክ ነው?"

"አይደለም... ግን ሁሉም ያው ናቸው።"

"አሎንዞን ያስቆሙትም እንዲሁ ብለው ነው።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "እናቴ ያን ቀን ቦርሳዋን ራሷ ከፍታ አሳየችው። ማንም ሳይጠይቃት! ያን አልረሳም።"

"አትርሳ። ግን ፖሊሱን በመኪናው ቁጥር ስትጠራ፣ ያንን ሰውዬ ለምን በስሙ አትጠራውም? ስሙን አታውቀውም?"

በሩን ወርውሮት ወጣ። ካሴት ሳያመጣልኝ ሊቀር ይችላል። ይቅር።

ኦገስት 20

ጠዋት ሚስተር ቤክ ጋ ሄድኩ።

"መጨረሻ ላይ የተዘረፉ ጊዜ ፖሊስ ስንት ሰዓት ቆይቶ መጣ?"

"በማግስቱ።"

"ታዲያ ቢቀሩብዎ ምን ያጣሉ?"

በአምስት ዓመት ጉርብትና ሲስቅ ያየሁት ዛሬ ነው። ወዲያው ዋጠው። "ስለ ዘፈኑ ይቅር ብያለሁ ማለት አይደለም።"

"አልጠየቅሁዎትም።"

"ከመሰከርኩ ያየሁትን ሁሉ ነው። ዘፈኑ ይጮህ እንደነበርም።"

"ይናገሩት።"

"ወንድምዎ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ነበር። እስኪያወርዱት ድረስ አላነሳም። ያንንም እናገራለሁ።"

 ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ቀኑን ሙሉ አንደኛው ፊት ሊያልቅ ሲል እየሮጥኩ ቴፑን ሳስቆም ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ እነዚያው ሁለቱ ፖሊሶች በአዳራሹ መግቢያ ብቅ አሉ። ሚስተር ቤክ ቀና ብሎ አያቸው፣ ከዚያ እኔን።

"ሚስ ዴሳ፣ አንደኛውን ፊት ከፍ ያድርጉት እስቲ።"

ነገ፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሚስተር ቤክን ከቤቱ መውሰድ፣ ከዚያ ጠበቃዋ ቢሮ። ስመለስ የማይገለብጥ ቴፕ መግዛት።