ከጣልሁት በኋላ

ማክሰኞ
ዛሬም አራት ጊዜ ወደቅሁ። ስምንት ዓመት ቴኳንዶ ሠርቼ፣ ጥቁር ቀበቶ ታጥቄ፣ የሰፈሩን ልጆች እያስተማርሁ፣ ባለሱቁ ጓደኛዬ ዘላለም እግሬን በያዘ ቁጥር ጀርባዬ መሬት ነው። "እርግጫህስ ያምራል" አለኝ እያነሣኝ። ማጽናናቱ ነው።

ቅዳሜ ከባሕር ዳር የኤምኤምኤ አሰልጣኝ ይመጣል። መምታቱም መጣሉም የሚፈቀድበት ግጥሚያ ነው። እዚህ ንፋስ መውጫ የአካባቢውን ልጆች አጋጥሞ ሁለት ሰው መርጦ ይወስዳል። ዘላለም ሱቁን ትቶ አይሄድም። እኔ ግን ሠላሳ ሞላኝ፤ ይህ ካመለጠኝ ሌላ የለም።

ረቡዕ
ዘላለም መጣሉን የተማረው ከአባቱ ነው አሉ፣ ከአናጢው ከአያ ተሾመ። አፈርሁ፣ ግን ሄድሁ።

"አያ፣ ትግል ያስተምሩኝ" ብላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንተ አይደለህ እንዴ በየሜዳው እግርህን ሰማይ የምትሰቅለው?" አሉና መጋዙን አስቀመጡ።

ጓሯቸው የገብስ ጭድ አነጠፍን። የዛሬው ትምህርት፦ ወገብ መያዝ። ደረት ለደረት መጣበቅ። እግሩን ከውስጥ መጥለፍ። አለመቸኮል (ይሄ አልሆነልኝም)።

ስድሳ ዓመት አልፏቸው ሰባት ጊዜ ጣሉኝ።

ዓርብ
ገላዬ ደቅቋል፣ ግን ገባኝ። ቴኳንዶዬም ከንቱ አልቀረም። እርግጫውን ለማታለያ ሰነዘርሁ፤ ዘላለም እግሬን ሊይዝ ሲጎነበስ ወገቡን ጨበጥሁ፣ ጠለፍሁት፣ ዘጭ። አያ ተሾመ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ "አሁን ሰው ሆንህ" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ፈገግ ስል ዋልሁ።

ቅዳሜ
ጉድ ሠራሁ።

ተጋጣሚዬ ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ቦክሰኛ ነበር። አፍንጫዬን ሁለቴ አገኘው። ሦስተኛውን ሲሰነዝር ሥሩ ገባሁና ጠለፍሁት። በጀርባው ተዘረረ። አዳራሹ ተናጋ። እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? "አይዞህ" ብዬ ላነሣው እጄን ዘረጋሁለት። በእኛ ትግል ጀርባው መሬት ከነካ አለቀ፤ ጣዩ የወደቀውን ያነሣል። እዚያ ግን ዳኛው ገና አላስቆመም። ልጁ እጄን ስቦ አንገቴን አነቀኝ። ተሸነፍሁ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘላለም ፊቱን ሸፈነ። አሰልጣኙ ብቻ አልሳቀም።

"አጣጣሉን ማን አስተማረህ?"

"አንድ አናጢ።"

"እንዲህ መጣል ቶሎ አይለመድም። የቀረውን እኔ አስተምርሃለሁ። ሰኞ ሳምንት ና።"

ልጁንም እኔንም መረጠን። ደጅ ወጥቼ አለቀስሁ፣ በደስታ።

እሑድ
ከቅዳሴ ስንወጣ ለአያ ተሾመ ነገርኋቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ፣ "ታዲያ እነሱ ዘንድ የወደቀውን ምን ያደርጉታል?" አሉ።

"ላዩ ላይ ወጥተው ይመቱታል፣ አያ።"

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "አንተ ይሄን ትችለዋለህ?"

"እማራለኋ" አልሁ፣ ፈጠን ብዬ።

ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ቦርሳዬን ከአሁኑ አዘጋጅቻለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ፣ ማንም በሌለበት፣ ትራስ መሬት ላይ አስተኝቼ ልመታው ሞከርሁ። ሁለቴ መታሁትና ተውሁት።