ፓምፕህን ያጠብክበት ዳርቻ

ታደሰ ሆዴ፣

በሞት ከተለየኸኝ ይኸው አራት ዓመት ሊሞላ ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤታችን ደህና ነው፤ አጥሩን በብሎኬት አሠርቼዋለሁ፣ ባጃጅም አሁን እስከ በራችን ይገባል። የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ካንተ በቀር ለማን ልንገረው?

ልጃችን ትዕግስት ለማስተርሷ የሐይቃችንን ጭቃ እያጠናች ነው። አትሳቅ! እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። በጀልባ ትሄድና ረጅም ቱቦ ወደ ታች ሰክታ ጭቃውን እንዳለ ታወጣዋለች፤ ከዚያ እንደ ዳቦ ትቆራርጠዋለች። ከላይ ያለው የቅርብ ጊዜው፣ ከታች ያለው የድሮው ነው። ሐይቃችን መውጫ ስለሌለው የገባበትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። የምትፈልገው ዲዲቲ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ጀምረህ ኢሕአዴግ ከገባም በኋላ ለወባ ቤት ለቤት የረጨኸው ያ ዱቄት። ለካስ ቶሎ አይጠፋም፤ ጭቃው ላይ ተጣብቆ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ዓሣውም ውስጥ ይገባል።

ከመሃል ሐይቅ ባወጣችው ጭቃ ያገኘችው ግን ጥቂት ነበር። ከየት እንደገባ ማሳየት አቅቷት ልትተወው ደረሰች። እኔ ደግሞ አውቃለሁ። አርብ አርብ የመርጫ ፓምፓችሁን ታጥቡበት የነበረውን የሐይቅ ዳርቻ ምሳህን ይዤ እየመጣሁ አይቼዋለሁ። ጓደኞችህ አንዴ አለቅልቀው ሲሄዱ አንተ ሦስቴ ታጥበው ነበር፤ የመንግሥት ዕቃ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚመለሰው እያልክ። እኔስ ብሆን የተረፈውን ለትኋን ብዬ ፍራሽ ሥር ስነሰንስ አልኖርኩም? መድኃኒት ነው አሉን፣ አመንን።

ሁለት ሳምንት ዝም አልኳት። ስምህ በክፉ እንዳይነሳ ፈርቼ ነው፣ አልዋሽህም። በመጨረሻ ግን እጇን ይዤ ወስጄ ቦታውን አሳየኋት፤ እዚያም ቱቦዋን ሰክታ ጭቃ አወጣች።

ትናንት ውጤቱን ይዛ እየሮጠች መጣች። ጉድ እኮ ነው! ከታች ምንም የለም፤ ከዚያ ይጀምርና እየበዛ ይሄዳል፤ እናንተ ማጠብ ካቆማችሁ ወዲህ ባለው ጭቃ ላይ ደግሞ እየቀነሰ ይመጣል። እየቀነሰ ነው ታዴ! ተቃቅፈን ስንጮህ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ ደንግጦ ገባ።

ጎረቤት ሲወጣ ልጅህ አለቀሰች። ሐሙስ ለመምህራኗና ለዓሣ አጥማጆቹ ስታቀርብ፣ እዚያ ያጠበው ማን ነው ቢሏት ምን እንደምትል ጨነቃት። የአባቴን ስም ልተወው ወይ አለችኝ። ተቆጣኋት። አባትሽ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው ነው ያጠበው፤ የሚደበቅ ነገር የለውም አልኳት። መድኃኒቱ ዛሬም እዚያው ጭቃ ውስጥ አለ፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን የት መጣል እንደሌለባቸው ካላወቁ ያንን ዓሣ ልጆቻቸው ናቸው የሚበሉት።

ከተቀየምከኝም እችለዋለሁ፤ ስንቱን ችዬልህ የለ። እስክሞት ድረስ አስታውስሃለሁ፤ ሳላሳምርህ፣ እንደነበርከው። ሐሙስ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ስምህ ሲጠራ ብድግ ብዬ ሚስቱ ነኝ እላለሁ።

ያንተው አልማዝ