ንዋይን ያስቀረችው ከተማ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ደም ግፊትሽስ እንዴት ነው? ጾም ነው ብለሽ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ አደራ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ፤ ሐሳብ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ ልቤ ይመታል። ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ስለጨነቀኝ ነው የምጽፍልሽ።

ንዋይን ይዤው አልመጣሁም፣ እማዬ።

ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው የአሜሪካ ቪዛ ኢንተርቪው ሲደርስ ወንድሜ ንዋይ ስልክ ማንሳት ተወ። ታሞ ይሆን? ታስሮ ይሆን? ስብሰለሰል ከርሜ፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ካለው ሥራዬ ፈቃድ ወስጄ ጣሊያን ሄድኩ።

ያለበት ቦታ ኮረብታ ላይ የተሰቀለች፣ ወይንና ወይራ የከበባት የገበሬ ከተማ ናት። ወጣቱ ወደ ሰሜን ፈልሶ ግማሹ ቤት ተዘግቷል። የቀሩት ሽማግሌዎች አደባባዩ ላይ ተቀምጠው ስለ ዝናብ ይጨቃጨቃሉ። ከአውቶቡስ ስወርድ ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ አንዱ ምንም ሳልናገር ወደ ቁልቁለቱ እየጠቆመ፣ «ንዋይ» አለኝ።

ወይን ሲገርዝ አገኘሁት። ከስቷል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ግን በእውነት ደህና ነው። አቅፎኝ አለቀሰ። ኢንተርቪው አልሄድኩም፣ ቀኑ አልፏል አለኝ። ለእማዬ ምን ልበላት ብዬ ጮኽኩበት። እዚህ ጥዬው የማልሄደው ሰው አለ፤ ለእማዬ ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺ ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎ አስማለኝ።

መሐላዬን አላፈርስም። ንዋይ የሚሠራለት ባለ እርሻ ልጅ እራት አበላችን፤ ትሑት ሴት ናት። ሲመሽ ከደጅ ሆና «ወይኒ! ወይኒ!» ብላ ስትጣራ፣ በቤት ስምሽ አንቺን የጠራችሽ መስሎኝ ደንግጬ ዞርኩ። አንዲት ሕፃን እየተንደረደረች መጣች። የፊት ጥርሷ እንደ አንቺ ፍንጭት ነው።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እስካሁን ሳይደውልልሽ እንዳልቀረ ተስፋ አለኝ፤ ካልደወለ ግን ቁጣሽን ፈርቶ ነው። ሲደውል በሞቴ፣ አትቆጪው። አንዴ ከተቆጣሽው ዳግመኛ ይጠፋብናል ብዬ እሰጋለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ። የነፍስ አባትሽን ጠይቂልኝ፤ ሰማንያ ቀኗ ካለፈ ብዙ የቆየች ሴት ልጅ ክርስትና እንዴት ትነሣለች? የክርስትና ስሟንስ አያቷ ብትመርጥላት ይፈቀዳል?

ዓይንሽ ገና ያላየውን ደስታ እስኪያይ ድረስ መድኃኔዓለም ጉልበትሽን ያጽናልኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጅሽ